ዱላዋ ከጉድጓዱ እስክትመለስ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ ገና ካልተከፈተ የልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ነበር። መሪውን የያዙት ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ስንት ዘመን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬም ሰው ሲነዳላቸው ፍሬን የሚይዙ ይመስል ወለሉን በእግራቸው የሚረግጡ ሰው። ከኋላችን ሁለት መኪና ሙሉ ምእመን ቆሟል። ጭኔ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የምስር ወጥ ድስት ይዣለሁ። የምንጠብቀው ከስፕሪንግፊልድ የሚመጣውን ፓስተራችንን ነው። እሱ ሲደርስ ሁላችንም አንድ ላይ መንገዱን ተሻግረን፣ ማዶ ካለው ቀይ ጡብ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ወጥተን፣ ለእህት ሰናይት የታላቅ ወንድሟን መርዶ ልንነግራት ነው።

ወንድሟ አዲስ አበባ ያረፈው ሐሙስ ዕለት ነው። ባሏ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ «ስልክሽ ተበላሽቷል፣ ሪፔር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ደብቆባታል፤ ልጆቹንም ፌስቡክ የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይከፍቱ አስጠንቅቋል። ምስኪን፣ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ሚስቱ ፊት እንደ ደህና ሰው ሲስቅ ሰንብቷል። እኔ ብሆን ለአንድ ሰዓት አልችለውም። ፊትሽ ከአፍሽ ቀድሞ ያወራል ይሉኛል።

እንዲያ እንደተቀመጥን ትራሙ መጣ። ሰፈሩ ለዓመታት ሲቆፈርለት የኖረው አዲሱ የከተማ ባቡር ገና ሰው መጫን አልጀመረም፤ ባዶውን ወዲያና ወዲህ እያሉ ይሞክሩታል። መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣ ወንበሮቹ ላይ አንድም ሰው ሳይኖር፣ ቀስ ብሎ በፊታችን አለፈና መታጠፊያው ላይ ደወሉን አንዴ መታ። ድስቱን እንዴት አድርጌ እንደጨበጥኩት እንጃ፣ ጋሼ ታደሰ «ምነው፣ በረደሽ እንዴ?» ብለው ሂተሩን ከፍ አደረጉት።

አልበረደኝም። እኔ ከተፈጥሮዬ ሥጉ ነኝ። ስልክ ከጮኸ መጥፎ ወሬ ነው፣ ካልጮኸም መጥፎ ወሬ ነው። አምቡላንስ በሰማሁ ቁጥር ልጆቼን ኮል አደርጋለሁ፤ እነሱም «ማም፣ ዊ አር ፋይን» ብለው ይዘጉብኛል። ይሳቁ። ግን ያ ባዶ ትራም የቀሰቀሰብኝ ፍርሃት ከልጆቼ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል።

እኔና በቀለ የተገናኘነው ያኔ ሶቪየት ኅብረት ይባል በነበረው አገር፣ ዛሬ ዩክሬን በሆነው በኩል፣ አንዲት የከሰል ከተማ ውስጥ ነው። እሱን የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር፣ እኔን የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት እንድማር ልከውን ነበር። አዲስ አበባ ላይ ለመድኃኒት እንኳ አንድ ትራም በሌለበት ዘመን እኔን ትራም ተማሪ ብለው ላኩኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎረቤት ሲጠይቀው «ሐኪም ትሆናለች ስል ባቡር ነጂ ልትሆን ሄደች» እያለ ይተክዝ ነበር አሉ።

ከተማዋን ስታያት ቆንጆ አልነበረችም። ከከሰሉ ጋር የሚወጣው አፈርና ድንጋይ በየቦታው ተከምሮ ተራራ ሆኗል፤ አንዳንዱ ተራራ ውስጥ ለውስጥ እየነደደ ይጨሳል። በረዶው ጠዋት ነጭ ሆኖ ይወርድና እኩለ ቀን ላይ አመድ ይመስላል። ነጭ ልብስ አጥበህ ካሰጣህ ሁለተኛ ማጠብህ ነው። ግን መኸር ላይ ገበያው ፖም ፖም ይሸታል፤ አሮጊቶች በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው የተቆላ ሱፍ ይሸጣሉ፤ ዳቦ ቤቱ ጥቁሩን ዳቦ ሲያወጣ ሰልፉ መንገድ ይሞላል። እኔና በቀለ አንዱን ትኩስ ዳቦ ትራም ውስጥ ቆመን እየገመስን እንጨርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ የበላሁት ዳቦ ሁሉ ያን ያህል አልጣፈጠኝም፣ ምናልባት ዕድሜው ይሆናል።

የከተማዋን ትራም ታሪክ የነገረችኝ ጋሊና ናት። ጋሊና ትራም ነጂ ናት፣ ያኔ እናቴን የምታክል፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ፀጉሯን ሁልጊዜ በቀይ ሻሽ የምታስር። እኔ ለልምምድ የተመደብኩት እሷ ላይ ነበር። መማሪያ መጽሐፋችን ስለ ሞተርና ስለ ቮልቴጅ ይተነትናል፤ እሷ ግን በየፌርማታው አንድ ነገር ትነግረኛለች። ከተማዋ ከተማ ከመሆኗ በፊት ጉድጓድ ነበረች። መጀመሪያ ፈረስ በሐዲድ ላይ ከሰል ይጎትት ነበር፤ ኋላ በዚያው በፈረሱ መንገድ ሽቦ ዘርግተው ሰው ጫኑበት። አዲስ ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር አዲስ መስመር ይዘረጋል፤ ከሰሉ ሲያልቅ ጉድጓዱ ይዘጋል፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። ጀርመኖች በገቡ ጊዜ ሽቦው ተዘረፈ፣ ሠረገላዎቹ ተቃጠሉ። ከጦርነቱ በኋላ ሐዲዱን መልሰው የጣሉት ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ወይ ሞተዋል ወይ ከሰል ውስጥ ናቸው። የጋሊና እናት ከነዚያ ሴቶች አንዷ ነበረች። ታዲያ ጋሊና አንድ ፌርማታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ቀስ ትላለች፤ ያን ሐዲድ እናቷ እንደጣለችው ታውቃለች።

ከመስመሮቹ ሁሉ አሮጌው ወደ አሮጌው ጉድጓድ የሚሄደው ነበር። ሌሎቹ ሁሉ መሄጃና መመለሻ ሁለት ሐዲድ ሲኖራቸው፣ ያኛው ከከተማው ጫፍ ወዲያ አንድ ሐዲድ ብቻ ነው። መሃል ላይ ትራሞቹ የሚተላለፉበት ቦታ አለ፤ እዚያ ብቻ ሐዲዱ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ትራም ፊት ለፊት እንዳይጋጠም ያበጁት ዘዴ ዱላ ነው። አዎ፣ ዱላ! ክንድ የምታክል፣ ቀይ የተቀባች፣ ጫፏ ላይ የነሐስ ቀለበት ያላት አንዲት ዱላ። ከጉድጓዱ የሚመጣው ነጂ ይዟት ይመጣል፣ መተላለፊያው ላይ ለሚጠብቀው ይሰጠዋል፣ የተቀበለው ወደ ጉድጓዱ ይቀጥላል። ዱላዋ እጁ ላይ የሌለችው ነጂ ንጉሥም ቢያዘው ከመተላለፊያው አያልፍም። አንድ ቀን እጄ በብርድ ደንዝዞ ዱላዋን በመስኮት ለማዶው ነጂ ልወረውርለት ስል ጋሊና ክንዴን አፈፍ አደረገችኝ።

«አይወረወርም፣ ልጄ» አለችኝ። «እጅ በእጅ ነው። ዓይኑን አይተሽ ነው የምትሰጪው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፈረቃ ሲለቀቅ አንድ ትራም ጉድጓዱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቆፋሪዎቹ ወጥተው፣ ታጥበው፣ ፀጉራቸው እርጥብ እንደሆነ ገብተው ካልሞሉት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ያ ትራም ባዶውን ከተመለሰ ከተማው ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

በቀለ የመጨረሻ ዓመት ልምምዱን የሚሠራው አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ልንጋባ ተስማምተናል፤ ለቤተሰብ ገና አልጻፍንም። አንድ ከሰዓት በኋላ ገበያው ፌርማታ ላይ ፖም እየመረጥኩ ሳለ የፈረቃው ትራም መጣ። መብራቱ በርቷል፤ ውስጡ ማንም የለም። መጀመሪያ እኔ ምንም አልገባኝም። ያስደነገጠኝ የገበያው ዝምታ ነው። ሱፍ የምትሸጠዋ አሮጊት ዕቃዋን ትታ ቆመች። ፖም የምትመዝንልኝ ሴትዮ እጇ ሚዛኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ አንዷ የጉድጓዱን ስም ጠርታ አነባች። ጉድጓዱ ውስጥ ጣሪያ ተደርምሶ ሰዎች ወዲያ ማዶ ተዘግቶባቸዋል፤ መንገዱ ለነፍስ አድን ሠራተኞች እንዲለቀቅ ትራሙን ባዶውን መልሰውታል፤ መስመሩም ተዘግቷል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያኔ የሰማሁት የጉድጓዱን ስም ብቻ ነበር፤ እሱም በቃኝ። ፖሙን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

በእግሬ ልሄድ ሞከርኩ፤ ፖሊሶች መለሱኝ። የተማሪ ማደሪያችን ጠባቂ ሴትዮ ስልኩን ደጋግማ ብትመታም መስመሩ ተይዟል። የበቀለ ጓደኞች፣ የማዕድን ተማሪዎቹ ሐበሾች፣ የሚኖሩት በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋሁት አልናገርም፤ እንዲያ ያለ ሌሊት ያነጋ ያውቀዋል።

ሲነጋ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያው ትራም ቆመና ሰዎች ወረዱ። አምስት ሐበሾች። ከፊት የተማሪዎቹ ተጠሪ ተስፋዬ፣ ከኋላው ሦስት የማዕድን ተማሪዎች፣ መጨረሻ ላይ አብራቸው የምትማረው አስቴር። ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ማንም አያወራም፤ ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚሄደው። አስቴር በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዛለች።

እንግዲህ አንባቢዬ ሐበሻ ከሆንክ የቀረውን መንገር አያስፈልገኝም። በጠዋት፣ ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ፣ ድስት ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ሊል ነው የሚመጣው? አያቴ የሞቱ ጊዜ እናቴ ዘንድ የመጡት እንዲህ ሆነው ነው። የጎረቤታችን ልጅ የሞተ ጊዜም እንዲህ ሆነው ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አልኩ ለራሴ።

ማልቀስ ነበረብኝ፣ አላለቀስኩም። አንድ ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው፦ እስካልነገሩኝ ድረስ በቀለ አልሞተም። ካፖርቴን ሳልደርብ፣ በማድ ቤቱ በኩል፣ በኋላ ደረጃ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ጓሮውን ዞሬ ፌርማታው ላይ ስደርስ አንድ ትራም በሩን ሊዘጋ ነበር፤ ዘልዬ ገባሁ። ጋሊና ናት። መስመሩ ያን ጠዋት ገና መከፈቱ ነው፣ የምትሄደው ወደ አሮጌው ጉድጓድ ነው። ከመርዶ ሸሸሁ ብዬ ሄጄ ሄጄ ወደ መርዶው ቤት የሚሄድ ትራም ላይ ወጣሁ።

ጋሊና አየችኝ። ምን እንደሰማች በዓይኔ ጠየቅኳት፤ ምንም አልሰማሁም ብላ ራሷን ነቀነቀች። የራሷን ካፖርት አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ትራሙ ውስጥ የቆፋሪ ሚስቶች ነበሩ። አንዷ ጉልበቷ ላይ የወንድ የሱፍ ካልሲ አስቀምጣ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ከተማውን አልፈን፣ የሚጨሰውን ተራራ አልፈን፣ መተላለፊያው ላይ ደርሰን ቆምን።

ከጉድጓዱ የሚመጣው ትራም የለም። ጠበቅን። ሽቦው ከላይ በንፋስ ያፏጫል፤ ሞተሩ ከወለሉ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጋሊና ከቦርሳዋ ጥቁር ዳቦ ከነአሳማ ስቡ አውጥታ ብትሰጠኝ፣ ያን ሁሉ ጭንቅ ተሸክሜ ስቡን በጣቴ አንስቼ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ሰው ጉድ ነው፤ እየሞተም አሳማ አይበላም። ዳቦውን ግን ሳልበላ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ዞር ስል በኋላ መስኮት አየኋቸው። አምስቱ በሐዲዱ ላይ እየሮጡ ይመጣሉ። የማደሪያው ጠባቂ ሴትዮ የት እንደሄድኩ ነግራቸዋለች፤ እነሱም በሌላ ትራም እስከ ከተማው ጫፍ መጥተው ቀሪውን በእግራቸው ተያይዘውታል። ተስፋዬ እጁን ያውለበልባል። አስቴር ድስቱን ደረቷ ላይ ታቅፋ እያንገዳገዳት ትከተላለች።

ጋሊና ላይ ተጠመጠምኩባት። «ሂጂ፣ እባክሽ ሂጂልኝ!» አልኳት፤ በአማርኛ ይሁን በሩሲያኛ አላስታውስም።

«ዱላዋ የለችም» አለችኝ።

«ሊነግሩኝ ነው! ሂጂ!»

«ልጄ፣ ዱላዋ የለችም። ፊት ለፊት ምን እንዳለ አናውቅም። እንጠብቃለን።»

በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያች ሴትዮ የጠላሁት ሰው የለም፤ ለዚያች ቅጽበት ማለቴ ነው። እጇ መቆጣጠሪያው ላይ፣ ዓይኗ ሐዲዱ ላይ፣ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላ የተስፋዬ ጫማ ጠጠሩን ሲረግጠው ይሰማኛል። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። እንዲያ ጆሮዬን እንደደፈንኩ ነው ፊት ለፊት ካለው ጉም ውስጥ መብራቱን ያየሁት።

ከጉድጓዱ የሚመጣው ትራም ቀስ ብሎ ደርሶ ጎናችን ቆመ። ነጂው ሽማግሌ ነው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ዱላዋን ዘረጋ። ጋሊናም ዘረጋች። ግን ወዲያው አልለቀቀላትም፤ ሁለቱም ዱላዋን በሁለት ጫፏ እንደያዙ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ጆሮዬን ለቀቅኩ።

«ሁሉም ወጥተዋል» አላት። «የተሰበረ አለ። የሞተ የለም።»

ካልሲ የምታጥፈው ሴትዮ ካልሲውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያኔ ነው ተስፋዬ የኋላውን በር እየደበደበ የገባው፤ ላቡ በዚያ ብርድ ይንቆረቆራል። «አንቺ እብድ ነሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። በቀለ ሌሊቱን ወጥቷል፣ እግሩ ተሰብሯል፣ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ሆስፒታል ተኝቷል፣ «እሷን ጥሩልኝ» እያለ ነው፣ የሆስፒታሉን ምግብ አልበላም ስላለ አስቴር የዶሮ ሾርባ ሠርታለታለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

ደረቱን በቡጢ መታሁት። «ታዲያ ለምን አምስት ሆናችሁ መጣችሁ?»

ተስፋዬ ግራ ገባው። ጓደኞቹን ዞሮ አያቸው፣ መልሶ እኔን አየኝ።

«ታዲያ ስንት እንሁን?» አለ።

እውነቱን ነው እኮ። ሐበሻ የታመመ ሊጠይቅም፣ ደስታ ሊናገርም፣ መርዶ ሊያረዳም አንድ ሰው አይልክም። ያላወሩት ሌሊቱን ስላልተኙ ነው፤ መሬት መሬቱን ያዩት በረዶው ስለሚያንሸራትት ነው። እንደ እኔ ያለ ሥጉ ብቻ ነው ከምሥራች እንደዚያ የሚሸሽ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ መልሼ ሳቅኩ። ከሾርባው ግማሹ አስቴር ካፖርት ላይ ፈስሷል። ጋሊና ነገሩ ሲገባት እስክትንተከተክ ሳቀችና ዱላዋን እስከ ጉድጓዱ ያዢልኝ ብላ ሰጠችኝ። ነሐሱ በረዶ ነበር፤ ጭኔ ላይ ታቅፌያት ሄድኩ።

በቀለ አልጋው ላይ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ፊቱን አጥበውታል፤ ከሰሉ ግን ከዓይኑ ዙሪያ አልለቀቀም፣ ኩል የተኳለ ሙሽራ መስሏል። ገና ሲያየኝ «የት ቆየሽ?» አለኝ።

ያቺ ከተማ ዛሬ ጦርነት ላይ ናት። ትራሞቿ ይሂዱ ይቁሙ፣ ጋሊና ትኑር አትኑር አላውቅም። በቀለ ግን አለ፤ ያን ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ አሌክሳንድሪያ ቤታችን ተኝቶ ነበር። ሲበርድ እግሩን ይጎትታል፣ ከወጣሁ ደግሞ ስትደርሺ ደውዪ ይላል፤ ሥጋቴ ተጋብቶበታል መሰለኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያ ባዶ ትራም አልፎ ሄዶ ደወሉ ሲጠፋ ቀና ብዬ ማዶውን አየሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ መብራት በራ። ቆየት ብሎ መጋረጃው በአንድ ጎኑ ትንሽ ተገለጠ፣ እንደተገለጠም ቀረ። ከዚያ ሆና ምን እንደምታይ እኔ አውቃለሁ። ሦስት መኪና ሙሉ ሐበሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝም ብሎ፣ ጭኑ ላይ ድስት ይዞ።

«ጋሼ፣ እኔ ልሂድ» አልኩ።

ጋሼ ታደሰ ፓስተሩ ደርሻለሁ እንዳለ፣ አብሮ መግባቱ ወግ እንደሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር እንደማይናገር ሊያስረዱኝ ጀመሩ። ሁሉም እውነት ነው። ሐዘን ሰው ይፈልጋል፤ እኔም በየተራዬ ሰው ደርሶልኛል።

«አይታናለች» አልኳቸው።

መስኮቱን ቀና ብለው አዩ። ሞተሩን አጠፉ። «በይ ቅደሚ፣ እኛም ወዲያው ከኋላሽ ነን» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ድስቱን ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩ። መንገዱን ስሻገር የዚያች የከሰል ከተማ ጠዋት አብሮኝ ይሄድ ነበር። ያን ጠዋት የመጣልኝ የምሥራች ነበር፤ ያም ሆኖ ያቃጠለኝ መተላለፊያው ላይ ያለው መጠበቅ ነው። ሰናይት የምትሳፈርበት ትራም የላትም። በኋላ ደረጃ ብትወርድም የምታገኘው የእኛኑ መኪናዎች ነው።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ናት፤ ባሏ ከኋላዋ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ምን ሆናችሁ አላለችኝም፣ ግቢ አላለችኝም።

«ማን ነው?» አለችኝ።

ሁለት እጇን በሁለት እጄ ያዝኩ። ዓይኗን አየሁ።

«ወንድምሽ» አልኳት።

እጄን አጥብቃ ጨበጠችኝ፣ ያማል። አልለቀቅኳትም። ከታች እነ ጋሼ ታደሰ ደረጃውን አንድ ላይ ሲወጡ ይሰማ ነበር።